ሰባተኛው ረድፍ

ሰባት ረድፍ አሰመርኩ፣ ሰባት ዓምድ አቆምኩ፣
ያን ሁሉ ውኃ በአንድ ገጽ ጠቀለልኩ።
ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ፣ ወረታ፤
ሰባተኛው ደቅ ነው፣ ብቻውን የቀረ በሐይቁ ገበታ።
ማማ ከማማ ጋር ከተያየ፣ በሣጥኑ አንድ ይገባል፤
ካልተያየ ዜሮ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀዳል።

የደቅን ረድፍ አነበብኩት፦
ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
አንዷ በዘጌ በኩል ናት፣ ጠባብ እንደ አጥር ሽንቁር፣
እሷ ከተደፈነች ደሴቱ የለም በአገር።

ማትሪክሱን በራሱ ሳባዛው ግን፣ ያኔ
ተአምር ይመስላል ሁልጊዜ ለእኔ፦
ደቅና ባሕር ዳር የሚገናኙበት ያ ባዶ ሣጥን
አንድ ይሆናል፤
ዘጌ መሐል ገብታ እጅ ለእጅ አያይዛቸው።
መምህራችን ይርሳው ይሉ ነበር፦ “ማባዛት አማላጅ ነው፤
ያልደረስክበትን በር የምትመታው በሌላ ሰው እጅ ነው።”

ታዲያ አንድና ዜሮ ነፋስ አያውቁም፣ ነዳጅ አያውቁም፣
የክረምቱን መብረቅ፣
ባትሪ ፈትቶ የሚሸጠውን ሌባ አያውቁም።
ስለዚህ አንዱን ፍቄ ዕድሉን ጻፍኩ፦ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፤
ከመቶ ቀን ዘጠናውን የሚታመን፣ አሥሩን የሚዋሸኝ።
ሁለቱ መስመር ሲቀጣጠል ዘጠኝ ዘጠኝን በላው፣
ሰማንያ አንድ ቀረ።
ማለትም ከመቶ ቀን አሥራ ዘጠኙን ደቅ ዝም ነው፤
ለቅሶ ቢሆን፣ ሰርግ ቢሆን፣ ምጥም ቢሆን ዝም ነው።

“ከቁንዝላ ሌላ መስመር ይጨመር” አልኩ በሪፖርቴ፣
ሰማንያ አንዱ ዘጠና ስድስት ሲሆን ሮጠ በደስታ ጣቴ።
አለቃዬ በቀይ ጻፈበት፦ “ስንት ደንበኛ አለ እዚያ?”
ፋይሉም መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ተኛ።

ነሐሴ አሥራ አንድ የዘጌው ማማ ጠፋ።
ነዳጅ የጫነው መኪና ጭቃ ላይ ተደፋ።
ወደብ ወረድኩ፣ የሚሻገር ጀልባ ባገኝ ብዬ።
አንማውን አየሁት፤
እንቦጩን ከሞተሩ ጥርስ ሲያላቅቅ፣ በትከሻው
ያንጠለጠለው የማዳበሪያ ከረጢት
ድንገት
ጮኸ።
መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁለቱ፣ ከዚያ ሃያ ሦስቱም፣
የዘፈን ፍንጣሪ፣ መዝሙር፣ ጡሩንባ፣ የሕፃን ሳቅ፣ ሁሉም።
የደቅ ሰው ስልኩን ሰጥቶታል፣ ስሙን በፕላስተር ለጥፎ፣
ከተማ ወስዶ ኔትወርክ እንዲያጠጣለት፣ ባደራ አሳልፎ።

“ጥጋቤ” የተባለው ስልክ አላርፍ አለ፤
መስታወቱ ላይ “ልጄ” ይላል፣ አሥራ አራት ጊዜ።
“አታነሳውም?” አልኩት።
“የሰው ስልክ አላነሳም፤ መሸከም ነው ሥራዬ።
ማን እንደደወለ ማታ ታያለች፣
ከጨነቃትም ነገ አብራኝ ትመጣለች።”

“ከመቶ ቀን ስንቱን ትሻገራለህ?” አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ።
ጉልበቱን እያሸ ቆጠረ።
“የቀረሁት ሦስት ቀን ነው። ሁለቱ ቀብር፣
አንዱ ማዕበል።”

በዚያ ሌሊት ስምንተኛ ረድፍ ጨመርኩ፣
ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ሰባት ብዬ ስሙን አስቀመጥኩ።
ከማማዎቼ ሁሉ በለጠ።
“ሰው መሣሪያ አይደለም፤ ይሰረዝ” ተባልኩ። ሰረዝኩ።

በማግሥቱ ከጀልባው ቀድማ አንዲት ሴት ወረደች፣
ስልኳን እንደ ሞላ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ፣
ኔትወርኩ የት ጋ እንደሆነ እኔን ጠየቀች።
“እዚሁ ነው፣ የቆምሽበት።”
ደወለች። ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።
“የት ጠፍተሽ ነው?” ሲላት እስከ እኔ ተሰማ።
“ኧረ እኔ አልጠፋሁም፣ ቤቴ ነበርኩ” አለች፤
“እናንተ ናችሁ እንጂ የጠፋችሁት።”